ጉሬዛ በካሩራ ጫካ

እናቴ የምትኖረው ደሴ ነው፤ ልጆቼ የሚያድጉት ናይሮቢ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እሑድ እሑድ ማታ የሚደወል ስልክ ሲሆን፣ የስልኩም ሥርዓት ለብዙ ወራት ሳይለወጥ ኖሯል። እናቴ «ደህና ናችሁ ወይ የኔ ልጆች?» ትላለች። የስምንት ዓመቷ ልጄ «ደህና ነን እምዬ» ትላለች። «ትምህርትስ?» ሲባል «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ከዚያ ስልኩ ለአምስት ዓመቱ ወንድሟ ይተላለፍና እሱም «ደህና» ብሎ ለእኔ ያቀብለኛል። ነገሩ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ አይዘልም። አንድ የሐምሌ እሑድ ግን እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጆችህ ጨዋ ናቸው፤ ግን ከእኔ ጋር የሚያወሩት ነገር የላቸውም» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም። ወቀሳ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣለትም ነበር።

ችግሩ የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚህ ከተማ ልጅ የምናሳድግ ኢትዮጵያውያን፣ ኢስሊም እንኑር ኪሊማኒ፣ ስንገናኝ ከምናነሣቸው ወጎች አንዱ ይኸው ነው። ልጆቻችን በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ በመጫወቻ ሜዳ ስዋሂሊ ይናገራሉ። አማርኛም ከቤታችን አልጠፋም፤ ነገር ግን በእኔ ቤት ሳላስተውለው የትእዛዝ ቋንቋ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማሽን አውልቂ»፣ «ድምፅ ቀንሱ»። የሚያስደንቅ ነገር ያየ ልጅ በእንግሊዝኛ ይደነቃል፤ የሚያስቅ ነገር የሰማ በስዋሂሊ ይስቃል፤ አማርኛ የሚመጣው ጥፋት ሲኖር ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ ከአያት ጋር ምን ይወራል?

የኬንያ ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ሲዘጉ ልጆቹን ደሴ መውሰድ የቆየ ሐሳባችን ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ሕፃናት ይዞ ያን መንገድ መጓዝን ደፍረን አናውቅም። ዘንድሮም እንደማይሆን በገባን ጊዜ ባለቤቴ እንዲህ አለች፦ «ለእምዬ የሚነግሯት ነገር ከሌላቸው፣ የሚነገር ነገር እንፈልግላቸው።» እኔ ስለ ቋንቋ ትምህርት፣ ስለ ፊደል ገበታ፣ ስለ አስጠኚ ሳወጣ ሳወርድ፣ እሷ ነገሩን ከሥሩ አገኘችው። ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከከተማው ሳንርቅ ተፈጥሮን ለማየት ተነሣን። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ያየነውን ሁሉ በአማርኛ ስሙ ይዘን እሑድ ለእምዬ መንገር።

የመጀመሪያው ቀን የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ነሐሴ በናይሮቢ የብርድና የደመና ወቅት ነው፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው «ቀዝቃዛ ውሃ» ከሚል የማሳይ አጠራር መሆኑን ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይጠራጠርም። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን፣ ድፎ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዘን ወጣን። ገና ፓርኩ ሳንደርስ፣ በመንገድ ዳር ግራር ላይ ትልልቅና መላጣ አሞሮች የሚመስሉ ወፎች ተኮልኩለው ልጄ አየች። በእንግሊዝኛ ማራቡ እንደሚባሉ ነገረችኝ። «በእኛ አባ ኮዳ ይባላል» አልኳት፤ ከአንገቱ ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት እያሳየሁ። «አባ ኮዳ! ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው?» ብላ እስክንደርስ ድረስ ሳቀች። ልጄ በአማርኛ ቃል ስትስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተ፣ በኬንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከከተማው እምብርት የሚርቀው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሦስት ወገን ታጥሯል፤ በደቡብ በኩል ግን እንስሳቱ ወደ ኪቴንጌላ ሜዳ እንዲወጡና እንዲመለሱ ክፍት ነው። ቀና ሲሉ የከተማው ፎቆች፣ ዝቅ ሲሉ የሜዳ አህያ መንጋ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው ወደ ናይቫሻ የሚወስደው የባቡር መስመርም በረጅም ድልድይ ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል። ትንሹ ልጄ ከድልድዩ በታች ቀጭኔ ሲያይ መጀመሪያ ያደነቀው ድልድዩን ነበር።

ሕጋችንን ጀመርን። ቀጭኔ፣ ሰጎን፣ ጎሽ፣ ከርከሮ፣ አውራሪስ። «ቀጭን ስለሆነ ነው ቀጭኔ?» አለ ትንሹ። መልሱን እርግጠኛ ስላልሆንኩ «ሊሆን ይችላል» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ግን መምህሩ መቸገር ጀመረ። ፊቱ ረዥም፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ እንስሳ ሲታይ ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ኮንጎኒ!» አሉ፤ የስዋሂሊ ስሙ ነው። እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር «ቆርኬ ነው፤ ሰንቀሌ ያለው የስዌይን ቆርኬ ዘመዱ ነው» አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኘውን የዚህን እንስሳ ዘር ስም ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ እንስሳውን አይቼ ስሙን መጥራት ግን ከማንበብ የተለየ ነገር ሆነብኝ። የልጆቼን ቃል ማጣት ስቆጥር የኖርኩ ሰው የራሴን አልቆጠርኩም ነበር።

ጥቂት እንደሄድን ጥቋቁር፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ አገጫቸው ሥር ፀጉር የተንዠረገገ እንስሳት መንጋ መንገዱን ተሻገረ። በስዋሂሊ ኙምቡ ይባላሉ። ልጄ «በአማርኛስ?» አለችኝ። በዚህኛው ጊዜ ባለቤቴም መልስ አልነበራትም፤ እንስሳው በአገራችን የለምና አያቶቻችን ስም የሚያወጡለት ምክንያት አልነበራቸውም። ይህን ስነግራቸው ትንሹ በመስኮቱ ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «ጢም አለው። ጢማም በሬ ነው» ብሎ ፈረደ። እህቱ ሳቀችበት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጁ ያደረገው የቀድሞ ሰዎች አባ ኮዳን አባ ኮዳ ሲሉ ያደረጉትን ነው፤ አይቶ፣ መስሎ፣ ሰየመ። ቋንቋውን ያልሰጠሁት መስሎኝ ስጨነቅ፣ እሱ በቋንቋው አዲስ ስም አወጣ።

አንበሳ ሳናይ ተመለስን። ትንሹ ትንሽ አዘነ፤ «ጢማም በሬ»ን ለእምዬ እንደሚነግራት ሲታወሰው ተጽናና።

በሁለተኛው ቀን ወደ ካሩራ ጫካ ሄድን። ካሩራ ከከተማው በስተ ሰሜን የሚገኝ፣ ከ1,000 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ደን ሲሆን ፏፏቴና የማውማው ተዋጊዎች ይጠለሉባቸው የነበሩ ዋሻዎች አሉበት። ዛሬ ቤተሰብ ብስክሌት እየነዳ የሚዝናናበት ይህ ጫካ ሳይመነጠር የተረፈው በትግል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሬቱ ለግል ግንባታ እየተቆራረሰ መሰጠቱ ሲሰማ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረተችው ዋንጋሪ ማታይ ተቃውሞውን መራች። ጥር 8 ቀን 1999 ከባልደረቦቿ ጋር ችግኝ ልትተክል መጥታ ሳለ ጥቃት ደርሶባት ራሷ ላይ ቆስላለች። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ በ2011 ዐረፈች። ልጄ ታሪኳን በትምህርት ቤት ተምራዋለችና በሩ ላይ አስተማሪ ሆና የነገረችን እሷ ነበረች።

እኔም ከዋንጋሪ ሕይወት የማስታውሰውን አንድ ነገር ጨመርኩላት። በ2006 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ፣ ልጅ ሳለች እናቷ ከሙጉሞ ዛፍ ማገዶ እንዳትለቅም ይከለክሏት እንደነበር ትተርካለች፤ የእግዚአብሔር ዛፍ ነውና አይነካም ይሏት ነበር። ሙጉሞ የእኛ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ፣ የዋርካ ጥላ ከመጥረቢያ የተረፈው እንዲህ ባለ ቃል ነው። ልጄ ጥቂት አሰበችና «እናቷ ስሙን ባትነግራት ኖሮ አታውቀውም ነበር» አለችኝ። እንዲህ ቀላል አድርጌ ልናገረው አልችልም ነበር።

በመንገዱ ላይ ከማውቃቸው ዛፎች ጋር ተገናኘሁ። ጥድ አለ፤ ወይራ አለ፤ ከርቀት ሽታው የሚለይ ባሕር ዛፍም አለ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ ሁለቱም አገር የመጣው በአንድ ዘመን አካባቢና በአንድ ምክንያት ነው፤ እኛ ዘንድ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ለአዲስ አበባ ምድጃ፣ እዚህ ደግሞ ለባቡር ማገዶ። ከወይራው ሥር የወደቀ ደረቅ ጭራሮ አንሥቼ አሸተትኳቸው። እናቴ የጠላ ጋን የምታጥነው በዚህ ነው አልኳቸው። ትንሹ ጭራሮውን ኪሱ ከተተው።

ከፏፏቴው መልስ አብሮን የሚሄደው አስጎብኚ ድንገት ቆመና ወደ ላይ ጠቆመን። ከዛፉ አናት ጥቁር ገላ ያላቸው፣ ከትከሻቸው ነጭ ካባ የደረቡ፣ ነጭ ጅራታቸው እንደ ጭራ የተንጠለጠለ እንስሳት ቅጠል ይበጥሳሉ። በአንዷ እቅፍ ድፍን ነጭ ግልገል አለ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ «ጦጣ!» ብለው ጮኹ፤ በዚያ ቋንቋ ለልጅ ሁሉም ያው ጦጣ ነው። አስጎብኚው ግን ማስረዳት ጀመረ። እነዚህ እንስሳት ከካሩራ ጠፍተው እንደነበር፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ ከአበርዴር ተራሮች ወገን፣ እርሻ ደናቸውን ካጣበበባቸው ስፍራ፣ ተይዘው እዚህ እንደ መጡ፣ ግልገሉ ነጭ ሆኖ ተወልዶ ከወራት በኋላ መልኩን እንደሚለውጥ ነገረን። ቀጥሎም «የሳይንስ ስማቸው ኮሎበስ ጉሬዛ ነው» አለ።

«ምን አልክ?» አልኩት።

ደገመልኝ። ልጄ እጄን ያዘችና «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች። ምን ሆንኩ ልበላት? በናይሮቢ ጫካ መካከል አንድ ኬንያዊ አስጎብኚ፣ የአማርኛ ቃል መሆኑን ሳያውቅ፣ የእናቴን ቃል ለልጆቼ ነገራቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ነበር። በ1835 ይህን እንስሳ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ከአገሬው አፍ የሰማውን ስም አብሮ መዘገበው፤ ጭላዳንም እንዲሁ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ጉሬዛ በየትኛውም አገር ቢኖር፣ በኬንያም ይሁን በኡጋንዳ፣ ወይም በአውሮፓ መካነ አራዊት፣ ጉሬዛ ተብሎ ይጠራል። የስሙ ፊተኛ ክፍል ከግሪክ የተገኘ ሲሆን አካሉ የጎደለ ማለት ነው፤ አውራ ጣቱ እንደሌለ ያህል አጭር ነውና። ይህን ለአስጎብኚው በእንግሊዝኛ፣ ለልጆቹ በአማርኛ ነገርኳቸው። አስጎብኚው ደብተሩን አውጥቶ «አማርኛ» ብሎ ጻፈ። ልጄም በኩራት ቀና ብላ «ቃሉ የእኛ ነው» አለችው፤ በስዋሂሊ። ትንሹ ግን አውራ ጣቱን በመዳፉ አጥፎ፣ በአራት ጣት ቅርንጫፍ ለመያዝ ሲሞክር ቆየ። «ይይዛል!» አለ በመጨረሻ። «ጣት ጎድሎትም ይይዛል።»

በሦስተኛው ቀን የስምጥ ሸለቆን ልናይ በሊሙሩ በኩል ወጣን። መንገዱ ደጋውን ጨርሶ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ መኪና የሚቆምበት ስፍራ አለ። ከሥር ሜዳው ተዘርግቶ፣ ከፊት 2,776 ሜትር ከፍታ ያለው የሎንጎኖት እሳተ ገሞራ ተራራ ይታያል። ቁልቁል ያለችው ከተማ ማይ ማሂዩ ትባላለች፤ በኪኩዩ ቋንቋ «ሙቅ ውሃ» ማለት ነው። ልጄ ወዲያው «ናይሮቢ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ይህ ሙቅ ውሃ» አለች። አዲስ አበባም ፍል ውሃ የሚባል ሰፈር እንዳለ፣ ከተማዋም በእሱ ምክንያት እንደ ተቆረቆረች ነገርኳት።

«ኢትዮጵያ ሩቅ ናት?» አለ ትንሹ። ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ በአውሮፕላን ሰዓት ነበር የምመልሰው። በዚያ አፋፍ ላይ ግን ሌላ መልስ ተገኘ። ይህ ከፊታችን ያለው ሸለቆ ወደ ሰሜን ሲሄድ ቱርካና ሐይቅን ይይዛል፤ ለዚያ ሐይቅ አብዛኛውን ውሃ የሚያመጣለት ከእኛ የሚወርደው የኦሞ ወንዝ ነው። ከዚያ በአባያ፣ በሐዋሳ፣ በላንጋኖና በዝዋይ አድርጎ፣ አዋሽን አግኝቶ ወደ አፋር ይሰፋል። ደሴ ደግሞ ከአፋር በላይ በሚቆመው የምዕራቡ ግድግዳ አናት ላይ ናት። «እምዬም እንደኛ አፋፉ ላይ ናት ማለት ነው?» አለች ልጄ። አዎን፣ አልኳት፤ አንዱ ሸለቆ ነው። ትንሹ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ወደ ሸለቆው «እምዬ!» ብሎ ተጣራ። ድምፁ ደሴ እንደማይደርስ ያውቃል ብዬ አምናለሁ፤ ግን አላረምኩትም።

እሑድ ማታ ስልኩ ተደወለ። እናቴ እንደ ወትሮው «ደህና ናችሁ ወይ የኔ ልጆች?» አለች። ልጄ «ደህና ነን» ብላ አላቆመችም። «እምዬ፣ ጉሬዛ አየን» አለች። በስልኩ ወዲያ ጥቂት ዝምታ ሆነ። «ምን አልሽ የኔ እናት?» «ጉሬዛ። ጥቁርና ነጭ። ጫካ ውስጥ።» ትንሹ ስልኩን ቀማትና «እሱ ጣት የለም!» አለ። «የለውም በል የኔ ጌታ» አለችው እናቴ። «የለውም» አለ፤ ቀጠለም። ስለ ጢማም በሬ፣ ስለ አባ ኮዳ፣ ኪሱ ውስጥ ስላለው የወይራ ጭራሮ። ቃል ሲያጥረው እህቱ ታቀብለዋለች፤ እሷም ሲያጥራት ወደ እኔ ታያለች። የሁለት ደቂቃው ስልክ ግማሽ ሰዓት ሆነ።

ከዚያ የእናቴ ተራ ደረሰ። ልጅ ሳለች በሳይንት፣ በደንቆሮ ጫካ አጠገብ በነበረው የአያቷ ቤት ስታድር፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጉሬዛ ከጫካው ሲያገሣ ይሰማት እንደነበር ነገረቻቸው። ጉሬዛ እንደ ዝንጀሮ አዝመራ አይዘርፍም፣ ቅጠሉን በልቶ በዛፉ የሚኖር ጨዋ ነው እያሉ ሽማግሌዎች ያመሰግኑት እንደነበርም ነገረቻቸው። ድምፁንም በስልክ አስመሰለችላቸው፤ በሰባ ስንት ዓመቷ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

እኔ ግን ዝም ብዬ እሰማ ነበር። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አርባ ዓመት በላይ የእናቴ ልጅ ስሆን፣ የምደውልላት ስለ መድኃኒቷ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ላክሁት ገንዘብ ለመጠየቅ ነው። «ከእኔ ጋር የሚያወሩት ነገር የላቸውም» ያለችኝ ስለ ልጆቼ ነበር፤ ቃሉ ግን ለእኔም ይደርስ ነበር። በጨዋነትዋ ስሜን ሳትጠራ አለፈችው እንጂ።

ሦስት ቀን ዕረፍት ልጆቼን አማርኛ አስተማራቸው ብዬ አልዋሽም። አሁንም ጾታ ያፋልሳሉ፤ አሁንም ለኳስ ስዋሂሊ፣ ለሒሳብ እንግሊዝኛ ይቀድማቸዋል፤ እንዲቀድማቸውም ይገባል፤ የሚኖሩበት አገር ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ቃሉን ለብቻው ስሰጣቸው አልያዙትም ነበር፤ ከዛፉ፣ ከወፉ፣ ከጭራሮው ሽታ ጋር ሲያገኙት ግን ያዙት። ለዚህም ውድ ሽርሽር አላስፈለገም፤ ከቤታችን በቅርብ ርቀት ያለ ጫካ፣ አንድ ድፎ ዳቦና «ይህ ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ በቂ ነበር።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል እናቴ እንደገና እኔን ጠራችኝ። «ያ ጢማም በሬ ያለው ልጅህ» አለች፣ ሳቋን እየያዘች፣ «ይታለብ እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ። ለሚቀጥለው እሑድ ጠይቆ ይምጣ በልልኝ።»

ትንሹ መልእክቱን ሲሰማ በቁም ነገር ተቀበለው። በማግሥቱ ጧት ጫማውን ራሱ አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።